የአጥንት ክፍሉ ጠያቂዎች

ሴትየዋ መምህር ናት። በዩኒቨርሲቲው የአናቶሚ ትምህርት ክፍል የሰው አጽም የሚቀመጥበትን ክፍል የምትመራው እሷ ናት። ክፍሉ ረጅምና ጠባብ ነው። ግራና ቀኙ እስከ ጣሪያ የደረሰ መደርደሪያ፣ መደርደሪያው ላይ ወፍራም የካርቶን ሣጥኖች፣ በእያንዳንዱ ሣጥን ውስጥ አንድ ሰው። ራስ ቅሉ በጥጥ ተደግፎ፣ የጎድን አጥንቶቹ በክር ታስረው፣ የእጅና የእግር ጥቃቅን አጥንቶች በየከረጢታቸው ገብተው ይቀመጣሉ። ሐኪም ለመሆን የሚማሩ ልጆች አጥንትን የሚያውቁት እዚህ ነው። ማንነቱ ያልታወቀ አስከሬን ሲገኝም ዕድሜውንና ጾታውን የሚያጣሩ ባለሙያዎች እዚሁ መጥተው ይለካሉ፣ ያስተያያሉ። መምህሯ ሥራዋን ትወዳለች። ከመደርደሪያ ላይ ሣጥን ስታወርድ «ይቅርታ፣ ላንሣዎት ነው» የማለት ልማድ አላት። አዲስ ተማሪዎች መጀመሪያ ይስቁባታል፤ ከርመው ግን ራሳቸው ሲሉት ትሰማቸዋለች።

እናቷ ጡረታ የወጣች የከተማ አውቶቡስ ሾፌር ነበረች። ባሏ ልጆቹ ገና ነፍስ ሳያውቁ ስለሞተባት መሪ እየዘወረች ነው ሁለቱንም ያሳደገቻቸው። ጡረታ ከወጣችም በኋላ ሰፈሩ «ሾፌሯ» ማለቱን አልተወም። ድምፅዋ ከአጥር አጥር ይሻገራል። የምትቀልደው ፊቷን ሳትፈታ ስለሆነ፣ የማያውቃት ሰው ቁም ነገር እያወራች ይመስለዋል። የልጇን የሥራ ቦታ ግን አይታው አታውቅም ነበር። ስትጋበዝ «እኔ ከሞተ ሰው ጋር ምን ጉዳይ አለኝ፣ ገና ከሕያዋኑ ጋር መች ጨረስኩ» ትላለች።

አንድ ጠዋት በዚያው ግቢ ባለው ሆስፒታል የልብ ምርመራ ነበራት። ውጤቱ ቶሎ አልደርስ አለ። ውጭው ስለበረደ ልጇ ይዛት መጣችና በአጥንት ክፍሉ ውስጥ ወንበር ሰጥታ አስቀመጠቻት። አጥንቶቹን አጽድቶ የሚያዘጋጀው ቴክኒሺያን፣ ሲሠራ የሚያንጎራጉር እንጂ ሲናገር ብዙም የማይሰማ ሰው፣ ሻይ አመጣላት። ሾፌሯ ብርጭቆውን በሁለት እጇ ይዛ መደርደሪያውን ከላይ እስከ ታች ቃኘችው፤ ከዚያ እነማን እንደሆኑ ጠየቀች።

መምህሯ እንደነገሩ አስረዳቻት። በሩ አጠገብ ያሉት ጥቂቶቹ በሕይወት ሳሉ ፈቅደው የሰጡ ናቸው። የቀሩት፣ ማለትም ታችኛው መደርደሪያ በሙሉ፣ ድሮ በየሆስፒታሉ ሞተው ቀባሪ ያልመጣላቸው ሰዎች ናቸው። ብዙዎቹ ቁጥር እንጂ ስም የላቸውም።

«ጠያቂ ያጡ» አለች ሾፌሯ።

«አዎ እማዬ። ያ አሁን ቀርቷል፤ ካልፈቀደ ሰው አንቀበልም።»

«የሞሉት ግን እነሱ ናቸው።»

መምህሯ ይህን ልትክድ አልቻለችም። ወዲያው ተማሪዎች ገቡና አንዲት ቀጭን ልጅ ከታችኛው መደርደሪያ ሣጥን ከፍታ የጭን አጥንት አነሣች። እንደ ዱላ አልያዘችውም፤ ሕፃን እንደሚታቀፍ በሁለት እጇ ተቀበለችው። ሾፌሯ ሻይዋን ረስታ አየቻት። ልጅቷ ስትወጣ «ማነው ያስተማረሽ እንዲህ መያዝ?» ብላ ጠየቀቻት። ልጅቷም ወደ መምህሯ አመለከተች። ሾፌሯ ስትኮራ እንደምታደርገው አፍንጫዋን ነካ ነካ አደረገች።

በሳምንቱ መጨረሻ ቤተሰቡ ለምሳ ተሰበሰበ። ታናሽ ወንድሟ፣ የቧንቧ ሠራተኛው፣ ከሚስቱና ከትንሿ ልጁ ጋር መጣ። ተበልቶ ሳህኑ ሊነሣ ሲል ሾፌሯ የልቧ ነገር ብዙም እንደማያራምዳት ሐኪሙ እንደነገራት፣ እሷም ሐሳቧን እንደጨረሰች ተናገረች። ስትሞት አስከሬኗን ለዩኒቨርሲቲው ትሰጣለች። መጀመሪያ ልጆች ይማሩባት፤ ከዚያም አጥንቷ እዚያው መደርደሪያ ላይ ይቀመጥ። ይህን የነገረቻቸው ነገ ገበያ እሄዳለሁ በሚል ቃና ነበር።

የቧንቧ ሠራተኛው እየቀለደች መስሎት ሊስቅ ነበር። የእኅቱን ፊት ሲያይ ሳቁ ጠፋ።

«እና እኔ የት ሄጄ ልጠይቅሽ?» አለ።

«እኅትህ ጋ።»

«እኅቴ ጋ ያለው ካርቶን ነው፣ እማዬ።»

ተነሥቶ ውጭ ወጣ። ሚስቱ ልትከተለው ስትል ሾፌሯ በእጇ ከለከለቻት፤ ብቻውን ይብረድለት አለች። አልበረደለትም። ተመልሶ ልጁን አዝሎ፣ ሚስቱን አስከትሎ ደህና ዋሉ እንኳ ሳይል ሄደ።

መምህሯ የሆዷን ያወጣችው በኋላ ሳህን ሲያጥቡ ነው። የሠራተኛ ቤተሰብ መቀበል ደንቡ ይፈቅድ እንደሁ አላውቅም አለች፤ ባልደረቦቼ ምን ይላሉ አለች፤ ወንድሜን አየሽው አይደል አለች። እናቷ ሳህኑን እያደራረቀች ሁሉንም ሰማች።

«የሰው እናት ስትሆን ትልቅ ስጦታ ነው ትያለሽ። በስልክ ስትናገሪ ስንቴ ሰምቼሻለሁ። ያንቺ እናት ስትሆን ነውር ሆነ?»

«ነውር አላልኩም።»

«ታዲያ ምን?»

መምህሯ የሳሙናውን አረፋ አየች። «የማወርድሽ እኮ እኔ ነኝ» አለች።

«አውርጂኛ፣ የኔ ልጅ። እኔስ አንቺን ስንት ዘመን ተሸክሜሽ የለ? ወገቤን የጨረስሽው አንቺ ነሽ፤ አሁን ደግሞ ተራሽ ነው።» ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «እነዚያ ከታች ያሉት ማንም ሳይጠይቃቸው መጥተው የሰው ልጅ ያስተምራሉ። እኔ የሚጠይቀኝ ሰው አለኝ። ጠያቂ ያለኝ እኔ ካልገባሁ ሸክሙ ሁልጊዜ የሌለው ላይ ነው። ይኸው ነው ነገሩ፤ ሌላ ፍልስፍና የለኝም።»

ሾፌሯ ለፊርማው መምህሯን አልጠበቀችም። አውቶቡስ ተሳፍራ ራሷ ሄደች፤ የትምህርት ክፍሉን ኃላፊ፣ ሽማግሌውን ፕሮፌሰር፣ አነጋግራ ጨረሰች። ፕሮፌሰሩ በማግስቱ መምህሯን ጠርቶ እየሳቀ ነገራት። እናቷ መንገድ ማየት ስለለመደች መስኮት አጠገብ እንዲያደርጓት ጠይቃ ነበር። ፀሐይ አጥንት እንደሚያበላሽ ሲያስረዳት ቅር አላትና «እንግዲያስ በሩ አጠገብ አድርጉኝ፣ የሚወጣና የሚገባ ልስማ» ብላ ተስማማች። ፕሮፌሰሩ ይህን ሲጨርስ መነጽሩን አውልቆ ጠረገ። በሥራ ዘመኑ ሙሉ እንዲህ ስቆ የሚፈርም ሰው ገጥሞት እንደማያውቅም ነገራት።

ሾፌሯ ከዚያ በኋላ ብዙ አልቆየችም። ብርዱ ሲጠና ትንፋሽ አጠራት፤ ሆስፒታል ገባች። የቧንቧ ሠራተኛው ከሥራ በቀጥታ እየመጣ እግሯን ያሽላት ነበር። ስለዚያ ነገር አንድም ቃል አላነሣም፤ እሷም አላነሣችበትም። ስለ ሚስቱ፣ ስለ ልጁ፣ ስለ ፈነዳ ቧንቧ ያወራሉ። በመጨረሻ ነርሷ ግፊቷን ለመለካት ክንዷን ስታነሣ ሾፌሯ ዓይኗን ገለጠችና ጉልበት ባጣ ድምፅ «ወራጅ አለ» አለች። ነርሷ ሳቀች። የቧንቧ ሠራተኛውም አብሮ ሳቀ፤ ከዚያ ወደ ኮሪደሩ ወጥቶ ግድግዳ ላይ ግንባሩን አስደግፎ አለቀሰ። በማግስቱ ረፋድ ላይ፣ ሁለቱም ልጆቿ እጇን እንደያዙ አረፈች።

የዩኒቨርሲቲው መኪና ሲመጣ መምህሯ ወንድሟ በር ላይ ይቆማል ብላ ፈርታ ነበር። በር ላይ አልቆመም። ቃሬዛውን ራሱ በአንድ ወገን ይዞ እስከ መኪናው አደረሰ። በሩ ከተዘጋ በኋላ ወደ ሾፌሩ መስኮት ሄደና «ወንድሜ፣ ቀስ ብለህ ንዳ። ጉድጓድ ላይ ሲዘለል አትወድም» አለው። ሾፌሩ ራሱን ነቀነቀና እንደተባለው አደረገ። መኪናው ሰው በእግሩ ሊደርስበት እስኪችል ቀስ ብሎ ወጣ።

ለለቅሶ የመጣው ሰው ሁሉ ቀብሩ መቼ ነው እያለ ይጠይቃል። የቧንቧ ሠራተኛው ዝም ይላል፤ መምህሯ ትመልሳለች። ቀብር የለም በተባለ ቁጥር ሰው እሷን ትቶ እሱን ያየዋል፤ ምነው አንተስ ዝም አልክ የሚል ይመስላል። ከዚያ ወዲያ ወንድሟ መደወል ተወ። መንገድ ላይ ሲገናኙ ሰላም ይላታል፣ ልጅቷ ደህና ናት ይላል፣ ይሄዳል። እሷም አልተጫነችውም። ምን ብላ ትጫነው?

በዚያ ዓመት እናቷ በታችኛው ፎቅ ባለው፣ የአስከሬን ትምህርት በሚሰጥበት ትልቅ አዳራሽ ተማሪዎችን ስታስተምር ከረመች። መምህሯ የአዳራሹን ትምህርት ለባልደረባዋ ሰጥታ፣ በበሩ ላለማለፍ ስትል በኋላ ደረጃ እየዞረች ትወጣ ነበር። ምክንያቱን ሁሉም ያውቃል፤ የጠየቃት ግን የለም። አጥንቱን የማዘጋጀቱ ተራ ሲደርስ ቴክኒሺያኑ ሥራውን ለማንም አላካፈለም። አንድ ቀን በሯን አንኳኩቶ ቆመና «ዶክተር፣ እናታችን ደርሰዋል» አላት። «አልቸኮልኩባቸውም።»

ሣጥኑ ጠረጴዛው ላይ ነበር፤ እንደሌላው ሁሉ ካርቶን። መምህሯ እጇን ክዳኑ ላይ አድርጋ ቆመች፤ መክፈት ግን አቃታት። ስልኳን አውጥታ ወንድሟ ጋ ደወለች።

«እማዬ ደርሳለች» አለችው። «ብቻዬን መክፈት አቃተኝ።»

ከጀርባው ውኃ ሲፈስ ይሰማል። «በየት በኩል ነው የሚገባው?» አለ።

የሥራ ልብሱን እንደለበሰ፣ የመሣሪያ ቦርሳውን ትከሻው ላይ እንዳንጠለጠለ መጣ። እጁን ታጥቦ አጠገቧ ቆመ። መምህሯ ክዳኑን አነሣችና እንደ ልማዷ ይቅርታ ልትል አፏን ከፈተች፤ የመጣላት ግን «መጣን፣ እማዬ» የሚል ነበር። ከእግር ጀምራ ወደ ላይ ደረደረች። እጇ መንገዱን ያውቀዋል፤ ቅልጥሙ፣ የጉልበቱ ሎሚ፣ የጭኑ አጥንት፣ ዳሌው፣ አከርካሪው አንድ በአንድ።

«እሷ ናት?» አለ ወንድሟ።

«ናት።»

«በምን አወቅሽ?»

ልትመልስ ስትል በሣጥኑ ቁጥር እንጂ በሌላ እንዳላወቀች ገባት። ከሺህ አጥንት መካከል እናቴን ባየኋት እለያታለሁ ብላ ስታስብ ነው የኖረችው። አሁን ፊት ለፊቷ የተዘረጋው የሌሎች ሴቶችን የሚመስል የሴት አጥንት ነው። የታችኛውን አከርካሪ አንሥታ እዚህ ጋ የተበላው መሪ ላይ ብዙ ዘመን ከመቀመጥ ነው አለችው። እሱም ሐኪም እንደሚያስረዳው ሰው በአክብሮት ራሱን ነቀነቀ። ሁለቱም የሚያለቅሱት ነገር አጥተው ቆሙ።

መጨረሻ ላይ ራስ ቅሉን አውጥታ መንጋጋውን ገጠመችለት። የላይኞቹ ሁለት የፊት ጥርሶች መካከል ክፍተት ነበር። ሾፌሯ ፍንጭት ነበረች። በልጅነታቸው ሲመሽ በዚያ ክፍተት አፏጭታ ነበር ከመንገድ የምትሰበስባቸው። ከሁለቱ ልጆች ፍንጭቷን የወረሰው ወንድየው ነው። አፉን ዘጋ፤ ምላሱ ከከንፈሩ በስተጀርባ የራሱን ክፍተት ሲፈልግ መምህሯ አየችው።

«ይቺ እሷ ናት» አለ፤ እንባው መጣ።

ትንሽ ቆይቶ እጇን ማየት እንደሚችል ጠየቀ። መምህሯ ከረጢቱን ፈታች። ያን ሁሉ ጠጠር የሚያህል አጥንት ሲያይ ይህ ሁሉ አንድ እጅ መሆኑን ማመን አቃተው። መዳፉን ዘርጋ አለችው። መጀመሪያ የአንጓውን ጥቃቅኖች፣ ከዚያ የመዳፉን፣ ከዚያ ጣቶቹን በየተራ፣ አውራ ጣቷን በመጨረሻ አድርጋ በሻካራው መዳፉ ላይ ደረደረችለት። የእናታቸው እጅ በልጇ እጅ ላይ አረፈ። እንዳይነቃነቅበት ትንፋሹን ይዞ ቆመ። እሷም ክንዱ ሲደክመው ከሥር ደገፈችው።

ተማሪዎች የሚገቡበት ሰዓት ሲደርስ መልሰው አስተካከሏት። የቧንቧ ሠራተኛው ወዲያው መሄድ አልፈለገም፤ እዚህ ሰው አረፍ የሚልበት ቦታ አለ ወይ አላት። አልነበረም። «ግድ የለም» ብሎ ወጣና የጽዳት ሠራተኛዋን ባልዲ ገልብጦ ኮሪደሩ ላይ ተቀመጠ። መምህሯ ስታስተምር ገርበብ ባለው በር በኩል ጫማው ይታያታል። ተማሪዎቹ እግሩን እየተሻገሩ ያልፋሉ፤ እሱም በየጊዜው ይቅርታ እያለ ይሰበስበዋል።

በማግስቱ ፕሮፌሰሩ ጋ ገባችና ለቤተሰቦች ቦታ እንፈልግ አለችው። እስከዛሬ ማንም ጠይቆ አያውቅም አላት።

«ይጠይቃሉ፣ ፕሮፌሰር። መምጣት ይቻላል ወይ ብለው ይደውላሉ። ቦታ የለንም ብለን ነው የምንመልሳቸው፤ በጣም በትሕትና።»

ነገሩ ለስብሰባ ቀረበ። አንዱ ባልደረባ የሚያለቅስ ሰው ከፈተና ጋር አይሄድም አለ። ሌላዋ እናቷ የሞቱባት በቅርቡ ነበርና እሷ መለሰችለት፤ መልሷ ለስላሳ ቢሆንም ነገሩ ሁለተኛ አልተነሣም። መጨረሻ ላይ የተሰበረ ወንበርና ያረጀ ማይክሮስኮፕ የታጎረበት ዕቃ ቤት ተፈቀደላቸው። ቴክኒሺያኑ እያንጎራጎረ ቀለም ቀባው፤ አግዳሚና ጠረጴዛ ገባ። የቧንቧ ሠራተኛው የሰማው ሥራው በተጀመረ በአራተኛው ቀን ነው፤ መጥቶ አየና የጎደለውን ነገራቸው። ያለቀሰ ሰው ሌላ ሰው ፊት ሳይወጣ ፊቱን መታጠብ ይፈልጋል። ከግድግዳው ጀርባ የሚያልፈውን መስመር ፈልጎ፣ ጥግ ላይ ትንሽ ነጭ የእጅ መታጠቢያ ገጠመ።

መምህሯ ፈቅደው የሰጡትን ሰዎች ቤተሰቦች እየደወለች ጠራች። አንዷ ሴት ተቆጥታ ስልኩን ጆሮዋ ላይ ዘጋችባት። አንዱ ሕፃን ይዞ መምጣት ይቻል እንደሁ ጠየቀ፤ ይዞም መጣ። መንትያ እኅቷን የምትጠይቅ ሴት አለች፤ የሣጥኑን ክዳን ሳታስከፍት ከላዩ እጇን አድርጋ ትንሽ ታወራላታለች። የመዝሙር አስተማሪ የነበረች ሚስቱን የሚጠይቅ ሽማግሌም በየሳምንቱ መምጣት ጀመረ።

የቧንቧ ሠራተኛውም መታጠቢያውን ሊያይ ይመጣል። ውኃው ይንጠባጠብ ይሆናል ይላል፤ ይከፍተዋል፣ ይዘጋዋል፣ ከዚያ እናቱ አጠገብ ይቀመጣል። ቴክኒሺያኑ በዚያ ሕንፃ ውስጥ እንደዚያ የተጠበቀ ቧንቧ እንደሌለ ለመምህሯ በሹክሹክታ ነገራት። እሷም ወንድሟ ፊት አላነሣችበትም።

አንድ ከሰዓት ግን ስትገባ የተቀመጠው ከእናታቸው ጋር አልነበረም። ቴክኒሺያኑን ለምኖ ከታችኛው መደርደሪያ አንድ ሣጥን አስወርዷል። ሚስቱን የሚጠይቀው ሽማግሌ ከወዲያኛው አግዳሚ ሆኖ ማን እንደሆነች ጠይቆት ኖሮ እየመለሰለት ነበር።

«አላውቃትም። ስም የላትም። እናቴ ጎረቤት ይወዳሉ፤ እሳቸውን ሰላም ብዬ ወደዚህ መጣሁ።»

ሽማግሌው አሰብ አደረገና ተነሥቶ ከሣጥኑ በዚያ ወገን ተቀመጠ። መምህሯ በሩን ቀስ ብላ መልሳ ወደ ክፍሏ ሄደች፤ የቀራትን ሥራ ለመጨረስ ብትቀመጥም ብዙ ጊዜ አንድ ገጽ ላይ ቆየች። ከዚያን ጊዜ ወዲህ ስም የሌላቸውንም በየተራ ያወርዷቸዋል፤ መጀመሪያ ቤተሰቦቹ፣ ቀጥሎ ተማሪዎቹ ሳይታዘዙ ለመዱት።

የዚያን ዕለት ከሥራ ስትወጣ ወንድሟ ግቢው በር ላይ ቆሞ ጠበቃት። ካፊያ ጀምሯል። ቦርሳዋን ከትከሻዋ ወስዶ በራሱ መሣሪያ ላይ ደረበውና ሚስቱ እራት እንድትመጣ ብላለች አላት፤ ልጅቷም አክስቴ ለምን ጠፋች እያለች ነው።

«ምን አልካት?» አለች።

«ሥራ በዝቶባት ነው አልኳት። ዛሬ መጥተሽ ራስሽ አስረጂያት።»

በካፊያው ውስጥ ወደ ፌርማታው መንገዱን ተያያዙት። ጠዋት አንድ ደንበኛ ቧንቧውን ራሴ ልጠግን ብሎ ቤቱን በውኃ እንደሞላውና ድመቷ ማድቤቱ ጠረጴዛ ላይ ወጥታ አልወርድም እንዳለች እየነገራት ሄደ። እሷም ሳቋ አላስኬድ ሲላት ክንዱን ያዘች።